ሁሉም በአንድ ሐዲድ፦ ጠቋሚ መሣሪያዎችና የካርታ ጨዋታ ምርጫ

መንገድ ሲቀና መንገደኛ ይበዛል፤ መንገዶች ግን ያንሳሉ። ለዚህ አባባል በጅቡቲ ከተማ ካለው ከድሮው የባቡር ጣቢያ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። በ1897 የሐዲዱ ሥራ ከዚህ ወደብ ሲጀመር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከባሕር ወደ መሐል አገር የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ አልነበረም። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ አንኮበር የሚደርስ የቅፍለት ጎዳና ነበር፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1886 ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ያሰበውን ጠመንጃ በግመል አስጭኖ የተነሣው በዚሁ ነው። ከዘይላ ወደ ሐረር፣ ከበርበራም ወደ ሐረር የሚዘልቁ ጎዳናዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጎዳና የራሱ የውኃ ጉድጓድ፣ የራሱ መንገድ መሪ፣ የራሱ ገበያ ነበረው።

ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ተጓዡ አተረፈ፤ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። ታጁራና ዘይላ ግን ቀዘቀዙ። ባቡሩ ተራራውን ሸሽቶ ያለፋት ጥንታዊቷ ሐረርም የንግዱን ወንበር ከሐዲዱ ጋር ለተወለደችው ለድሬዳዋ ለቀቀች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል «መንገዶቹ ሁሉ ይጥፉና አንድ ብቻ ይቅር» ብሎ ትኬት የቆረጠ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የሚቀለውን መረጠ፤ የምርጫዎቹ ድምር ግን ራሱን ምርጫን አጠበበው።

ይህን የሐዲድ ታሪክ ማንሳት ያስፈለገው በዚህ ዘመን ተመሳሳይ ነገር እጅግ ትንሽ በሚመስል ስፍራ፣ በካርታ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ፣ በግልጽ ስለሚታይ ነው። የስፍራው ትንሽነት ራሱ ይጠቅማል። በሙዚቃ፣ በመጽሐፍና በፊልም ምርጫ ተድበስብሶ የሚያልፈው ነገር በካርታ ጨዋታ ላይ አንድ በአንድ እየተቆጠረ ሊታይ ይችላልና።

ከጠረጴዛው በፊት የሚጀመር ጨዋታ

እዚህ ላይ የሚነሣው ጨዋታ በየቤቱ የሚታወቀው የሃምሳ ሁለቱ ካርታ ጨዋታ አይደለም። በዚያኛው ካርታው የጋራ ነው፤ ተበውዞ ይታደላል፤ ተጫዋቹም ዕድል ያመጣለትን ይዞ ይጫወታል። በ1993 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈውና «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» የተባለው ኩባንያ ያሳተመው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ተጫዋቹ ካርታዎችን ይገዛል፣ ይለዋወጣል፣ ይሰበስባል፤ ከሰበሰበው መካከል መርጦ «ዴክ» የሚባለውን የራሱን ጥቅል አዘጋጅቶ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ የሚከናወነው ባላጋራ ከመቅረቡ በፊት፣ ተጫዋቹ ብቻውን ተቀምጦ «ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ» በሚልበት ሰዓት ነው። ጥቅሉ የተጫዋቹ ድርሰት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጨዋታው ልዩ ልዩ አጨዋወቶች መካከል «ኮማንደር» የሚባለው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋና ማሳያ ነው። በ1990ዎቹ በአላስካ በጓደኛሞች መካከል የተጀመረ አጨዋወት ነው። ጥቅሉ መቶ ካርታ ይኖረዋል፤ ከመቶው አንዱ «አዛዥ» ተብሎ ይሾማል፤ ከመሠረታዊዎቹ የመሬት ካርታዎችና ከጥቂት ልዩ ካርታዎች በቀር አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ አይገባም። የደንቡ መንፈስ ድግግሞሽን መሸሽ ነው። እስከ ዛሬ ከታተሙት ከሃያ ሺህ በላይ የተለያዩ ካርታዎች መቶውን ብቻ መምረጥ ሲባል የሁለት ሰዎች ጥቅል የመመሳሰሉ ዕድል ከምንም የማይቆጠር መሆን ነበረበት። ኩባንያው በ2011 ለዚሁ አጨዋወት የተሰናዱ ዝግጁ ጥቅሎችን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ «ኮማንደር» ከጓደኛሞች ጨዋታነት ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። ከመስፋፋቱ ጋር ግን ጠቋሚው መጣ።

ጠቋሚው እንዴት ይሠራል?

«ኢዲኤችሬክ» የተባለው መሣሪያ አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። ተጫዋቾች የጥቅላቸውን ዝርዝር በኢንተርኔት ላይ ይመዘግባሉ፤ መሣሪያው እነዚያን ዝርዝሮች ይሰበስባል፤ ይቆጥራል። አንድ ሰው የአዛዡን ስም ሲጠራለት፣ ይህንኑ አዛዥ ከመረጡ ሰዎች መካከል ከመቶ ስንቱ የትኛውን ካርታ እንዳስገቡ በቅደም ተከተል ይደረድርለታል። «ይህን የመረጡ ሰዎች ያንንም መርጠዋል» የሚለው ይህ ዘዴ በካርታ ጨዋታ አልተጀመረም። የ«አማዞን» መሐንዲሶች በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስረዱት መጽሐፍ የመጠቆም ስልት የዚሁ ዘመድ ነው።

ጥቅሙን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ከጠቋሚው በፊት ዕውቀቱ የነበረው ትልልቅ የካርታ መደብሮችና ክበቦች ባሉባቸው ከተሞች ነበር። መደብር በሌለበት ከተማ የሚኖር ወጣት ሃያ ሺህ ካርታ አንብቦ ለመምረጥ ዕድሜ አይበቃውም። ጠቋሚው ያንን የዕውቀት ግንብ አፍርሶ ጀማሪውን ከነባሩ ጋር አስተካከለው። ባቡሩም እንዲሁ ነበር፤ ግመል የሌለውን ሰው ከባለ ግመሉ ጋር አንድ ፉርጎ ውስጥ አስቀመጠው። ይሁን እንጂ ሒስ የሚጀምረው ጥቅሙ ከታወቀ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ መሣሪያው የሚቆጥረውን ነገር ይመለከታል። ጠቋሚው የሚቆጥረው የተመዘገበውን ነው። የተመዘገበ ጥቅል ያሸነፈ ጥቅል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ የተጫወተ ለመሆኑ እንኳ ማረጋገጫ የለውም። አዲስ አዛዥ ሲታወጅ ካርታው ገና በብዙዎች እጅ ሳይገባ ዝርዝሮች ይመዘገባሉ፤ ጠቋሚውም ከእነርሱ ተነሥቶ መጠቆም ይጀምራል። ቀድመው የመዘገቡት ጥቂቶች ግምታቸውን ጻፉ፤ ተከትለው የመጡት ብዙዎች ግምቱን እንደ ልምድ ቆጥረው ገለበጡት። ቁጥሩ ሲያድግ ግምትነቱ ተረሳ።

ሁለተኛው ነጥብ የገደል ማሚቶ ነው። ጠቋሚውን ተከትሎ የተዘጋጀ ጥቅል ተመልሶ ይመዘገባል፤ ጠቋሚውም ያንን እንደ አዲስ ምስክር ይቆጥረዋል። ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው የራሱ ድምፅ ሲመለስለት «የሚስማማኝ ሰው አገኘሁ» ቢል እንደሚሳሳት ሁሉ፣ መሣሪያውም ከራሱ የወጣውን ምክር የሕዝብ ድምፅ አድርጎ መልሶ ያሰማል። «ሶል ሪንግ» የተባለው ካርታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ከፍሎ ሁለት የሚያስገኝ ብርቱ ካርታ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ኩባንያው ራሱ በሚሸጣቸው ዝግጁ ጥቅሎች ውስጥ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስለሚያስገባው፣ ቁጥሩ ውስጥ የካርታው ብርታት የትኛው፣ የሻጩ ልማድ የትኛው፣ የጠቋሚው ማሚቶ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ለአንዱ ሲሰፋ ለሁሉ ሲጠብ

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያከራክረው እርሱ ነው። የጠቋሚው ደጋፊዎች «መሣሪያው የማላውቃቸውን ካርታዎች አሳየኝ፤ ምርጫዬን አሰፋልኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «የትም ብሄድ የማገኘው አንድ ዓይነት ጥቅል ሆነ» ይላሉ። እነርሱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ቃሎች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ መመልከት ይቻላል። አሥር ተጫዋቾች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው ሃያ ካርታ ብቻ ያውቃሉ፤ የአንዱ ሃያ ከሌላው ሃያ የተለየ ነው። ከዚያ ጠቋሚው መጥቶ ለሁሉም ሃምሳ ካርታ አሳያቸውና በእርሱ ብቻ መጫወት ጀመሩ። የእያንዳንዱ ዕውቀት ከሃያ ወደ ሃምሳ አደገ። በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ጠቅላላ ልዩነት ግን ከሁለት መቶ ወደ ሃምሳ ወረደ። ሁሉም አትርፈው በጋራ ከሰሩ። ዳንኤል ፍሌደርና ካርቲክ ሆሳናጋር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 «ማኔጅመንት ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ለንግድ ዓለም አሳይቷል። ቀድሞ በተሸጠው ላይ ተመሥርቶ የሚጠቁም መሣሪያ እያንዳንዱን ገዢ ወደ አዲስ ዕቃ ሊመራ ይችላል፤ ጠቅላላ ገበያው ግን በጥቂት ዕቃዎች ላይ ሊከማች ይችላል። ምክንያቱም መሣሪያው ታሪክ የሌለውን ዕቃ ለመጠቆም መነሻ የለውም።

በመጠቆሚያው አናት ላይ የሚቀመጠውስ ምንጊዜም ከሁሉ የሚሻለው ነው? በዚህ ላይ በ2006 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው የማቲው ሳልጋኒክ፣ የፒተር ዶድስና የደንካን ዋትስ ሙከራ ጠንካራ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ 14,341 ሰዎችን 48 የማይታወቁ ዘፈኖች እንዲያዳምጡ ጋበዙ። ከፊሎቹ ሌላው ሰው የመረጠውን ሳያዩ መረጡ፤ የቀሩት በስምንት የተለያዩ ዓለማት ተከፍለው፣ በየዓለማቸው ስንት ሰው የትኛውን ዘፈን እንደወሰደ እያዩ መረጡ። ቁጥሩን ያዩት ዘንድ በታዋቂዎቹና በተረሱት ዘፈኖች መካከል ያለው ርቀት ሰፋ፤ የትኛው ዘፈን ከአናት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅም አስቸገረ። እጅግ የተወደዱት ዘፈኖች እምብዛም አልወደቁም፤ እጅግ የተጠሉትም እምብዛም አልነገሡም። በመካከል ያሉት የብዙዎቹ ዕጣ ግን ከየዓለሙ ጋር ተለዋወጠ። አንዱ ዓለም ውስጥ የነገሠው ሌላው ዓለም ውስጥ ተራ ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ በካርታው ዓለም ላይ መጠየቅ ይገባል፦ የመጀመሪያዎቹ መዝጋቢዎች ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ «የግድ ነው» የሚባለው ካርታ ሌላ ሊሆን አይችልምን?

ሻጩ ኩባንያ ራሱ ይህን ሥጋት ያውቀዋል። በ2017 በኢንተርኔት በሚካሄደው የጨዋታ ውድድር ካሸነፉ ጥቅሎች መካከል በየቀኑ ያሳትመው የነበረውን ዝርዝር ከአሥር ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፤ የሚወጡትም እርስ በርሳቸው የሚለያዩ እንዲሆኑ ወሰነ። የዝርዝሩ ብዛት የውድድሩን አጨዋወት በፍጥነት ወደ ጥቂት ጥቅሎች እንደሚገፋው ስለተረዳ ነው። ዕውቀትን በመቀነስ ልዩነትን ለማዳን የተደረገ ሙከራ ነበር። መድኃኒቱ ያጠያይቃል፤ ሕመሙ መኖሩን ግን ባለቤቱ መስክሯል።

ከሰንጠረዥና ከገበጣ የሚገኝ ትምህርት

ጉዳዩ በካርታ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በቼዝ ዓለም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ቼስቤዝ»ን የመሰሉ የጨዋታ መዛግብት ኮምፒዩተር ላይ ከዋሉ ወዲህ የመክፈቻ እርምጃዎችን መሸምደድ የሙያው ግዴታ ሆነ። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በ1996 የኋላው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን አጨዋወት ይዞ የወጣው ይህን ሽምደዳ ለመስበር ነው። 960 የተለያዩ መነሻዎች ያሉት በመሆኑ ሸምድዶ መምጣት ከንቱ ይሆናል።

የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን ለዚህ ችግር ከፊሸር በፊት የራሱ መልስ ነበረው። በሰንጠረዥ መክፈቻ ላይ ተራ አልነበረም። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠራቸውን በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መክፈቻ ቁጥር ሰጥቶ «ከዚህ ቀጥሎ ይህ» ብሎ መሸምደድ አይቻልም። ተጫዋቹ የሚያነበው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው እጅና ዓይን ነው።

ገበጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዟል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ የመብያው ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ይህ ብዛት የመጣው ማንም «ከመቶ ሰዎች ሰማንያዎቹ እንዲህ ይጫወታሉ» ብሎ ስላልነገራቸው ነው። ልጅ ከአያቱ ተማረ፤ መንደሩ ደንቡን ጠበቀ፤ ርቀት ልዩነትን አቆየ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የፓንክረስትም ሥራ እንደ ጠቋሚው ሁሉ ከብዙ ሰዎች የተሰበሰበ ዝርዝር ነው። ታዲያ አንዱ ልዩነትን ሲያቆይ ሌላው ስለ ምን ያጠባል? ልዩነቱ ከአደራደሩ ላይ ነው። ፓንክረስት አንዱን አጨዋወት ከሌላው አላስበለጡም፤ በአንድ መንደር ብቻ የሚታወቀውም እንደ ሰፊው ሁሉ ስፍራ አግኝቷል። ጠቋሚው ግን ይቆጥርና የበዛውን ከላይ፣ ያነሰውን ከታች ያደርጋል፤ እጅግ ያነሰው ከገጹ ይወድቃል። መዝገብ ልዩነትን ያቆያል፤ በብዛት የተደረደረ ደረጃ ግን ያደክመዋል። ስለዚህ ወቀሳው መቅረብ ያለበት በመመዝገቡ ላይ ሳይሆን በመደርደሪያው ላይ ነው።

አንድ መንገድ ሲቆረጥ

«ጨዋታ አይደለም እንዴ? ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ካርታ ቢይዝ ማን ይጎዳል?» የሚል ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት የባቡሩ መስመር ሲቆረጥ በአንድ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለ ንግድ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ታየ፤ ያረጁት የቅፍለት ጎዳናዎች በአንድ ጀምበር አይነሡምና። በካርታው ዓለምም በመስከረም 2024 የ«ኮማንደር» ደንብ ኮሚቴ «ማና ክሪፕት»፣ «ጁወልድ ሎተስ» እና «ዶክሳይድ ኤክስቶርሽኒስት»ን የመሳሰሉ ብርቱና ውድ ካርታዎችን ሲያግድ ከተጫዋቾች የተነሣው ቁጣ እጅግ የበረታ ስለነበር በቀናት ውስጥ አጨዋወቱን የማስተዳደር ሥልጣን ወደ ኩባንያው ተላለፈ። ለቁጣው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የወጣበት ገንዘብ አንዱ ነው። ነገር ግን ብዙ ጥቅሎች በተመሳሳይ ካርታ ላይ ባይቆሙ ኖሮ የጥቂት ካርታዎች መታገድ ያን ያህል ባላናጋ ነበር።

ከዚህም የሚብስ ጉዳት አለ፤ እርሱም የ«ለምን» መጥፋት ነው። ጥቅሉን በራሱ ያዘጋጀ ተጫዋች እያንዳንዱ ካርታ ስለ ምን እንደገባ ያውቃል፤ ሲሸነፍም የት እንደተሳሳተ ይመረምራል። ከዝርዝር የገለበጠ ሰው ግን ሲሸነፍ የሚጠይቀው ዝርዝሩን ነው። ምክንያቱን የማያውቀውን ነገር ሊያሻሽለው አይችልም። ጠቋሚው የሚኖረው ደግሞ አዲስ ነገር በሚሞክሩ ሰዎች ላይ ነው፤ ሞካሪዎቹ ካለቁ የሚጠቁመው የትናንቱን ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው መሣሪያውን መጣል አይደለም፤ ሐዲድ መንቀል ታጁራን አያለማም። መሣሪያው ራሱ ውስጡ የተሻለ መለኪያ ይዟል። «ኢዲኤችሬክ» ለዓመታት ከተራው መቶኛ ጎን ለጎን አንድ ካርታ ለአንድ አዛዥ ምን ያህል ልዩ እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ቁጥር ሲያወጣ ቆይቷል። አንድ ካርታ በዚህ አዛዥ ጥቅሎች ከመቶ ሰማንያ፣ በሌሎችም ከመቶ ሰማንያ ቢገኝ ስለ አዛዡ የሚናገረው ምንም የለም። በዚህኛው ከመቶ ሠላሳ፣ በሌሎቹ ከመቶ ሁለት ቢሆን ግን በእውነት የሚናገረው ነገር አለ፤ «እዚህ ጋ አንድ ሰው ያሰበው ነገር አለ» ይላል። ከአናት መቀመጥ ያለበት ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነበር። ብዛት የሁሉንም ልማድ ይነግራል፤ ልዩነት ደግሞ የአንድን ሰው ሐሳብ ያስተላልፋል።

ለተጫዋቹም የሚቀርለት ድርሻ አለ፤ እርሱም ቅደም ተከተል ነው። ያለውን ካርታ ዘርግቶ የራሱን መቶ ከመረጠ በኋላ ጠቋሚውን የሚያማክር ሰው አማካሪ አገኘ፤ አስቀድሞ ጠቋሚውን የከፈተ ግን ጌታ አገኘ። መሣሪያው ያው አንድ ነው፤ የተከፈተበት ሰዓት ግን ውጤቱን ይለውጠዋል። ዘፈን ለመምረጥም፣ መጽሐፍ ለመምረጥም፣ ፊልም ለመምረጥም የስልኩን ጥቆማ ቀድሞ የሚያይ ትውልድ በየከተማው እያደገ ነው። ይህን ልማድ በትንሽ ኪሳራ መፈተን የሚቻልበት ቦታ ቢኖር የጨዋታ ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ተሳስቶ መሸነፍ የሚያስከፍለው አንድ ምሽት ብቻ ነውና።